በሙሽራ ጫማ የማልኩበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። ልጄ ሩት አሁንም ለሰው ስታወራው ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ፤ ያን ቀን ልናጣው የነበረውን ሳስብ ግን አማትባለሁ።

ሮማ አጠገብ ኮረብታ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ ከሩት ጋር እኖራለሁ። ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ የጣሊያን ዜግነት ተፈቀደልኝና ለመሐላ ተጠራሁ። ሩት አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት የቀራት ከሳምንት ያነሰ ነበር። ሳይሞላት ከማልኩ እሷም አብራኝ ዜጋ ትሆናለች። ከሞላት ግን ለብቻዋ አመልክታ እንደገና ዓመታት መጠበቅ አለባት።

ኮሙኔው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ የድሮ መኳንንት መኖሪያ ነበር። ባሮክ በሚሉት አሠራር የተሠራ ነው። ለወረቀት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ከምድር ቤቱ መስኮት ግን አልፌ አላውቅም። ያን ቀን ወደ ላይኛው አዳራሽ ውጡ ተባልን። ሩት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ደረጃውን ወጣን።

በሩ ክፍት ነበር። ጣሪያው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ መላእክት ከብበዋት ተሥላለች። ዙሪያው ሁሉ ወርቅ ነው። አላሰብኩበትም። ጫማዬን አውልቄ ከበሩ ውጭ አስቀመጥኩ፣ መቃኑን ተሳለምኩ፣ ገባሁ።

ሩት ዞር ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ይሄ እኮ ኮሙኔ ነው» አለችኝ በጆሮዬ።

ጫማዬን ላመጣ ስመለስ የለም። ከእኛ በኋላ ሠርግ ስለነበር ሰዎች በሩ ላይ አበባ ሲያስሩ አንዱ አንስቶታል። ሩት ወዲያ ወዲህ ብላ ጠየቀች፤ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። የራሷን አውልቃ ሰጠችኝ፤ እግሯ ከእኔ ስለሚያንስ ጠበበኝ።

መሐላውን የሚያሰናዳው ሠራተኛ እግሬን አየ። በባንዲራና በከንቲባ ፊት በባዶ እግር መቆም ንቀት ነው አለ። ከንቲባው ቸኩለዋል፣ ሠርጉም ደርሷል፤ አሎራ፣ እንግዲህ ማለቱ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ አለኝ።

«በሚቀጥለው ሳምንት የልጄ ዕድሜ ያልፋል» አልኩት። «ንቀትም አይደለም። እኛ ዘንድ እመቤታችን ፊት በጫማ አይቆምም።»

ሰውየው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ተመልሶም እግሬን አየ።

ሙሽራይቱ ከእህቷ ጋር ቀድማ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ጎንበስ ብላ ነጭ ጫማዋን አወለቀችና ይዛልኝ መጣች። እህቷ አብደሻል ወይ፣ በሠርግሽ ቀን ጫማሽን ለሰው ትሰጫለሽ ብላ ተቆጣቻት።

«እሱ እንደሆነ ገና አልመጣም» አለች ሙሽራይቱ ስለ ሙሽራው። «እሷ ትቅደም።»

ተረከዙ ረጅም ነው። እንዲያ ያለ ጫማ አድርጌ አላውቅም። ሩት ክንዴን ይዛ ጠረጴዛው ድረስ አደረሰችኝ። ቃሉን አጥንቼው ስለነበር ሳልሳሳት ማልኩ። እግሬ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከንቲባው በመሐላው ምክንያት መስሏቸው አይዞሽ አሉኝ።

ስወጣ ጫማውን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ መለስኩላት። እግዚአብሔር ትዳርሽን ይባርክ አልኳት፣ በአማርኛ። ጣሊያንኛው አልመጣልኝም። ሳቀችና ሳመችኝ። ወዲያው ሙሽራው እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። የእኔ ጫማ ከመጥረጊያ ዕቃ ማስቀመጫው ተገኘ።

ሩት በዚያው ሳምንት አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት፣ ዜጋ ሆና።

በተከታዩ እሑድ ሮማ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሙሽራይቱን በጸሎት እንዲያስቧት አባን ለመንኳቸው። የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። እንኳን የክርስትናዋን፣ የዘወትር ስሟንም አልጠየቅኳትም። «ሙሽራዋ ብለው ይጥሩልኝ» አልኳቸው። እነሆ ዓመት አለፈ። ምናልባት ዛሬ የልጅ እናት ሆናለች። በእኔ ጸሎት ግን እስካሁን ሙሽራ ናት።