አይደለሁም ማለት እውነት የነበረበት ቅዳሜ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የተነሳሁት። በዚህ ቤት አብረን ለዓመታት ስንመላለስ አንድም ቀን እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ አይታችሁኝ አታውቁም። ምክንያቱን ጆሯችሁ አሁኑኑ ይነግራችኋል፤ ተብታባ ነኝ። መጋቢያችን "ጽፈህ ስጠኝና እኔ ላንብብልህ" ብሎኝ ነበር። እሱ ቢያነበው ቶሎ ያልቃል፣ ምሳችሁም አይረፍድም፤ ግን የምስክርነቱ ግማሽ ይቀራል። ስለዚህ ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ዲላ ነው። እናቴ ገበያ ላይ ቆጮ ትሸጥ ነበር። አባቴን አላውቀውም። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ጌታሁን የሚባል ልጅ ገጠመኝ። በዕድሜ ሁለት ዓመት፣ በቁመት አንድ ክንድ ይበልጠኛል። ብዙ አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሴት ተማሪዎች ወደሚቀመጡበት ግንብ ይወስደኝና "ስምህን ንገራቸው" ይለኛል። ስሜ ወራሳ ነው። "ወ-ወ-ወ" ማለት ስጀምር ከኋላዬ ይመጣና እንደማይነሳ መኪና በሁለት እጁ ይገፋኛል። "ግፉ! ግፉ! ሊነሳ ነው!" ይላል። ሌሎቹም እየሳቁ መጥተው ይገፋሉ። ግቢውን ዙሪያውን እየተገፋሁ የምዞርበት ቀን ነበር። እቤት ገብቼ ለእናቴ አልነግራትም፤ ለመንገርም እኮ አፍ ያስፈልጋል።

ሰይድን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። አባቱ ሐጂ የጭነት መኪናዎችና የቡና መጋዘን ነበራቸው። ሰይድ አዲስ አበባ አጎቱ ቤት ሆኖ ካራቴ ተምሮ መጣ። እኛ ካራቴን የምናውቀው በፊልም ብቻ ነበር። አንድ ቀን ስገፋ አይቶኝ ኖሮ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጠራኝ። "ነገ ማለዳ መጋዘኑ ጓሮ ና፤ ምንም ማውራት የለብህም" አለኝ። ማውራት የለብህም ያለኝን ሰው እንዴት እምቢ ልበለው?

አምስት ነበርን። ከትምህርት በፊት ጎህ ሲቀድ እንገናኛለን። ጆንያ ውስጥ የቡና ገለፈት ጠቅጥቀን ጓሮው ውስጥ ያለ ዋንዛ ላይ ሰቅለን እሱን እንደበድባለን። እግሬ እስኪላጥ መታሁት። ጆንያውን ስመታ የማየው የጌታሁንን ደረት ነበር፤ በጌታ ፊት አልዋሽም። ካራቴ ውስጥ ሲመቱ የሚጮኹት ጩኸት አለ፣ "ኪያ!" የሚሉት። ያቺ በሕይወቴ ሳትሰናከል ከአፌ የወጣች የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

ካራቴ ክፉ ነው ልላችሁ አይደለም የተነሳሁት። ትከሻዬ ሰፋ፣ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ፣ ግፉ ባዮቹም ተዉኝ። ጌታሁን ግን እዚያው ሆዴ ውስጥ ነበር። እሱ በዚያ መሀል ትምህርቱን ትቶ አብዮት ጠባቂ ሆነ። ጠመንጃ ይዞ በመንገዳችን ሲያልፍ የጫማውን ኮቴ ከሩቅ እለየዋለሁ፣ ያኔ ሁለት ዓመት የደበደብኩት ጆንያ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ መንገድ እቀይራለሁ።

አሁን ስህተቱን ስሙልኝ። ሰይድ አንድ ደንብ ነበረው። ልምምድ ሲጀመርና ሲያልቅ ጫማችንን አውልቀን፣ ተንበርክከን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ዝም እንላለን። ከዚያ ወደ መሬት ጎንበስ እንላለን። ልብን ማሳረፊያ ነው ይለናል። ያን ጊዜ ደግሞ፣ ትልልቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ፣ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩበት ጊዜ ነው። የመጋዘኑ ጎረቤት እትዬ ብርቄ ዶሮዋ ጠፍታባት በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አጮለቀች። በማለዳ፣ ጫማ አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ ዓይን ጨፍነው የተቀመጡ አምስት ወጣቶች አየች። ምን ትበል? ሮጣ ለቀበሌ ተናገረች።

ቅዳሜ ማለዳ ነው የመጡት። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አጥሩን ገፍቶ መጀመሪያ የገባው ጌታሁን ነበር። "ጴንጤዎች! እጅ ወደ ላይ!" አለ። ሰይድ ሳቁን መያዝ አቃተው። "እኔ? እኔ ጴንጤ?" አለ። ማን ሰምቶት፤ ባዶ እግራችንን ነዱን።

ቀበሌ እንደደረስን ሐጂ መጡ። ሊቀመንበሩን "ልጄን በሌባም ክሰሰው፣ በአድኃሪም ክሰሰው። በዚህ ግን አትችልም፤ ጁምዓ ቀርቶ አያውቅም" አሉት። ሊቀመንበሩም ሳቀና ነገሩን ቀለል አደረገው። ግራ እጃችንን አንስተን "ከሁሉም በላይ አብዮቱ!" ብለን ሦስት ጊዜ ከጮህን ወደ ቤታችን ልንሄድ ነው። ጴንጤ ከሁሉም በላይ ጌታ ነው ስለሚል ይህን አይልም፤ መለያው እሱ ነበር። ሰይድ አለ፣ ወጣ። ሦስቱም አሉ፣ ወጡ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጌታሁን ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ከኋላዬ መጣ። ሁለት እጁን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ። "ይሄኛው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ግፉ" አለ። ጠባቂዎቹ ሳቁ።

አፌን ዘጋሁ። ወንድሞች፣ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ክርስቶስን አላውቀውም ነበር። እልህ ነው። ያን መፈክር ጌታሁን እየገፋኝ ከምለው ብሞት ይሻለኛል አልኩ በልቤ። ሊቀመንበሩ "እንግዲያው ይሄ እውነተኛው ነው" አለና እውነተኞቹ የሚታሰሩበት ክፍል አስገባኝ። ሰው በጌታ ስም ሳያምን በስሙ ሲታሰር አይታችኋል? እኔ ታስሬያለሁ። ስሙ ይባረክ።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች፣ ድሮ የሥራ መሣሪያ ማስቀመጫ። ውስጥ ጋሽ ጅግሶ የሚባሉ ሰውዬ ብቻቸውን አሉ። ዱመርሶ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠሩ ነበር። ለጸሎት ዲላ መጥተው ሰው ቤት ሲጸልዩ ነው የተያዙት። ቀጭን ናቸው፤ እጃቸው ከቡና ውሃ ብዛት ተሰነጣጥቋል። "ወንድሜ፣ አንተ ከየትኛው ቤት ነው የተያዝከው?" አሉኝ። ከመጋዘን ጓሮ፣ በካራቴ፣ ብዬ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ቃሉን ቀድመው አልጨረሱልኝም፣ ዓይናቸውንም ወደ ሌላ አላዞሩም። እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ቆጮና ጎመን ይዛ መጣች። በመስኮቱ ፍርግርግ "ወራሳ፣ አይደለሁም በላቸው!" አለችኝ። ፊቴን ከፍርግርጉ አዞርኩ። "ልጄ፣ ዋሽ አላልኩህም እኮ፤ እውነቱን ተናገር ነው ያልኩህ" ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነበር። ያን ቅዳሜ አይደለሁም ማለት እውነት ነበር፣ ያስፈታኝም ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ሳምንታት ነበር የቀሩት። ግን የጌታሁንን እጅ ጀርባዬ ላይ ባሰብኩ ቁጥር አፌ ይዘጋል።

እሁድ ማለዳ ጋሽ ጅግሶ በጌዴኦኛ ቀስ ብለው መዝሙር ጀመሩ። ጌታሁን ብቻውን ገባ። ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ ነበር። "ዝም በል አላልኩህም?" ብሎ ሽማግሌውን በጥፊ መታቸው። ብድግ አልኩ። እግሬ ራሱ አነሳኝ። ጌታሁን ገና ወደ እሳቸው እንዳጎነበሰ ነው፣ ጎኑ ተከፍቷል፣ ርቀቱ ልክ ነው። ያን ምት ሁለት ዓመት ተለማምጄዋለሁ። ስብር አደርገው ነበር፤ እሱን ከመታሁ በኋላ እኔም በሕይወት አልወጣም ነበር።

ጋሽ ጅግሶ ቁርጭምጭሚቴን ያዙ። በጥንካሬ አይደለም፣ እንዲያው እጃቸውን አሳረፉበት። "ልጄ፣ ተው። የተመታ የኔ ፊት ነው፣ ያንተ አይደለም" አሉኝ። ከዚያ ወደ ጌታሁን ቀና አሉ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ ብዙም አይለይም ነበር። "ጌታሁን፣ እናትህ እግሩ ተሻለው ወይ? ባለፈው ጣቢያ መጥቶ ሲያነክስ አይቻለሁ። ለሱ እየጸለይኩ ነው" አሉት። ለካ እናቱን ያውቋታል፤ ዱመርሶ ቡና ለቀማ ትመላለስ ነበር።

ጌታሁን የመታበትን እጁን አየ። ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። ኪሱ ከተተው፣ አወጣው። ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ያኔ አየሁ፤ ጌታሁን ይፈራል። ጠመንጃ ይዞ ይፈራል። እኔም ካራቴ ይዤ እፈራለሁ። ባዶ እጃቸውን ያሉት ሽማግሌ ግን በጥፊ ተመትተው የመቺውን እናት ይጠይቃሉ።

"ጋሼ፣ አይፈሩም?" አልኳቸው።

"እንዴት አልፈራ? ጉልበቴን እየው" አሉ። አየሁት፤ እየተንቀጠቀጠ ነው። "እፈራለሁ ልጄ። ግን ብቻዬን አይደለም የምፈራው። አብሮኝ ያለ አለ።"

ወገኖቼ፣ እኔን የመለሰኝ ይሄ ነው። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ፍርሃት ሲጠፋ ሰው ደፋር ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው፤ እየፈራ ብቻውን ያልሆነ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ "እኔስ? ከኔም ጋር ይሆናል?" አልኳቸው። አብረን ተንበረከክን። ጫማችንን አውልቀናል፣ ዓይናችንን ጨፍነናል። እትዬ ብርቄ ያየችው ሁሉ ሳይጎድል ዘግይቶ ተፈጸመ። ጌታ ይመስገን።

ሰኞ ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። እናቴ ከደጅ ቆማለች። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ሰልችቶታል። "መፈክሩ ይቅርብህ" አለኝ። "ነህ ወይስ አይደለህም? አንድ ቃል በልና ከእናትህ ጋር ሂድ።" ጌታሁን በሩ ላይ ቆሟል። ያው እንደ ዱሮው ፈርቼዋለሁ። ግን ቅዳሜ እውነት የነበረው ቃል ሰኞ ውሸት ሆኖብኛል።

አንድ ቃል ናት። አራት ጊዜ ጀመርኳት። "ን-ን" እላለሁ፣ ትሰናከላለች፤ እንደገና እጀምራለሁ። ማንም አልገፋኝም። ጌታሁን መሬት መሬት ያያል። በአምስተኛው ወጣች። "ነኝ" አልኩ።

ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ፈተናው አለፈኝ፣ ስምንተኛ ክፍልን ደገምኩ። እናቴ ለብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ፤ ቆጮውን ግን አንድም ቀን አላስቀረችም። የቡና ለቀማ ደርሶ የሰው እጅ ሲያስፈልግ ከጋሽ ጅግሶ ጋር ለቀቁን። እሳቸው ዱመርሶ ገቡ። በኋላ ዕድሜ ጠግበው፣ በአልጋቸው ላይ ጌታ ሰበሰባቸው። እትዬ ብርቄ ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁማ "ልጄ፣ ጸሎት መስሎኝ እኮ ነው፣ አጠፋሁ" አለችኝ። "አልተሳሳቱም፣ ቀድመው አዩት እንጂ" አልኳት።

ጌታሁንን ደርግ ከወደቀ በኋላ ይርጋጨፌ መናኸሪያ አገኘሁት። ከስቷል። ሲያየኝ ክንዱን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ፤ ልመታው የመጣሁ መስሎታል። ስሙን ልጠራው "ጌ-ጌ" ማለት ጀመርኩ። እሱም ክንዱን አውርዶ እስክጨርስ ቆመ። "እናትህ ደህና ናት?" አልኩት። "አርፋለች" አለና አለቀሰ። አግዳሚ ላይ አብረን ተቀመጥን። እስካሁን አላመነም። ስሙን ይዛችሁ ጸልዩለት፣ እለምናችኋለሁ።

እኔ ዛሬም ተብታባ ነኝ፤ ስትሰሙኝ ቆይታችኋል። አንደበቴን ይፈታልኛል ብዬ ብዙ ጸልዬ ነበር። ጌታ የፈታው ሆዴ ውስጥ የቋጠርኩትን ነው፤ እኔም አልከራከረውም። ዛሬ እዚህ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጥክ፣ የምትፈራው ሰው ያለህ፣ ጡንቻህን አፈርጥመህ እንኳ መንገድ የምትቀይር ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ና፣ ነይ። አንድ ቃል ናት። ባትወጣላችሁ ጌታ አይገፋችሁም፣ አይስቅባችሁም፣ ቀድሞም አይጨርስላችሁም። እስክትጨርሱ ይጠብቃችኋል። እኔን አምስት ጊዜ ጠብቆኛል።