መግቢያዬን የሰረዙት መምህር

አባቴ ያን ወረቀት የት አደረሰው? ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

በደርግ ዘመን የምንኖረው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ነበር። ትምህርት ቤት ዘግይቼ ስለገባሁ በዕድሜም በቁመትም ሁሉንም እበልጣለሁ። ገና ከበር ስገባ፣ «እትዬ መጡ፣ ተነሡላቸው!» ይሉኛል ልጆቹ። ድርሰት የሚያስተምሩን መምህር አስፋው ግን ዝምታዬን ይወዱልኝ ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ጩኸቱ እስኪርቅ ይጠብቁና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። መግቢያው ስለምን እንደምትጽፉ ይናገር፤ ሐተታው በማስረጃ ያስረዳ፤ መደምደሚያው አዲስ ነገር አያምጣ፣ ይሉን ነበር።

ያኔ ግን ማንኛውም ድርሰት፣ ስለ ላምም ይሁን ስለ ዝናብ፣ የሚጀምረው አብዮቱን በማወደስ ነው። እኔም ስለ ሠፈራችን ቦኖ ውሃ ስጽፍ እንደ ልማዱ ጀመርኩ። መምህር አስፋው መስመሮቹን በቀይ ቀለም ሰርዘው፣ «ይህ ስለ ውሃው ምን ይነግረናል?» ብለው ከጎኑ ጻፉ። ቢሆንም ከክፍሉ ትልቁን ነጥብ የሰጡት ለእኔ ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ ለአባቴ አሳየሁት።

አባቴ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበር። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ይህን የሰረዘው ማነው?»

«ጋሼ ናቸው፣ አባባ። አንደኛ ወጣሁ እኮ!»

«ጎበዝ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኮት ኪሱ ከተተው። ራሴን ሲዳብሰኝ እጁ የማኅተም ቀለም ይሸት ነበር።

በሳምንቱ መምህር አስፋው ከክፍል ተጠርተው ወጡ፤ ታሰሩ ተባለ። በምትካቸው የመጡት መምህር አብዮቱን የሚያወድሰውን መግቢያ በቃላችን አስጠኑን። አባቴን ልጠይቀው እያልኩ ዓመታት አለፉ። ሳልጠይቀው ሞተ።

የዛሬ ልጆች ድርሰታቸውን እንደፈለጉ ይጀምራሉ። ጽፈው ሲያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ጎሮ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ መምህር አስፋውን ድንኳን ውስጥ አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ለማንም ያልተናገርኩትን፣ የወረቀቱን ነገር፣ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«የአንቺን ብቻ የሰረዝኩ መስሎሽ ነው? የሁላችሁንም ነው የሰረዝኩት። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ይዛችሁ ገባችሁ።»

«አባትሽስ፣ ደኅና ናቸው?» አሉኝ።

«ዐርፏል፣ ጋሼ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።