የልጄ ዝምታ

ልጄ ሯጭ ነበር። አሁን በቴሌቪዥን ሩጫ ያስተላልፋል፤ ሌላው ይሮጣል፣ እሱ ተቀምጦ ያወራል። አሰላ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ድምፁን ሰማነው» ይለኛል። እኔ ግን የማዳምጠው ዝም የሚልበትን ነው።

ሩጫ ያቆመው ቅልጥሙ ተሰብሮ ነው። ወድቆ አይደለም። አጥንቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ለማንም ሳይናገር ሲሮጥበት ከርሞ፣ ውድድር መሃል ለሁለት ተሰበረ። እዚህ አገር ሯጭ ሕመሙን አይናገርም፤ ከተናገረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሊሰበር ሰሞን አንገቱን ወደ ቀኝ ዘመም ያደርግ ነበር።

ማስተላለፍ ከጀመረ ወዲህ አንድ ነገር አየሁ። ከሯጮቹ አንዱ እንደዚያ አንገቱን ዘመም ካደረገ፣ ልጄ ወሬውን ያቆማል። ቆይቶ ስለ አየሩ ያነሳል። ያ ሯጭ ብዙም ሳይርቅ ማነከስ ይጀምራል። ለምን እንደማይናገር ብጠይቀው፣ «አባዬ፣ እኔ ከተናገርኩ አሠልጣኙ ይሰማል። የሰው እንጀራ ነው» አለኝ።

ታናሽ እህቱም ሯጭ ሆነች። ለፋሲካ መጥታ ሳለ ከቤታችን በላይ ያለውን ቁልቁለት ስትወርድ አየኋት፤ እንደኔ እንደ ሽማግሌው በጎን በጎን ነው የምትረግጠው።

«እግርሽን ምን ነካው?»

«ምንም። ጫማው አዲስ ሆኖ ነው፣ አባዬ።»

ማታ ጫማዋን አንስቼ አየሁት። ተረከዙ አልቋል።

የውድድሯ ቀን ጎረቤታችን ጎሚስታው ሊያይ እኛ ቤት መጣ። እሷ ባሕር ማዶ ነው የምትሮጠው፣ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ሆኖ ያስተላልፋል። እህቴ ማለት ስለማይፈቀድለት እንደማንም «አትሌቷ» ይላታል።

«ስም ሳናወጣላት ቀርተን ነው?» አለች ባለቤቴ።

ሴቶቹ አንድ ድልድይ ጋ ሲደርሱ የልጄ ድምፅ ጠፋ።

«ዲሹ ነው» አለ ጎሚስታው፣ ጣሪያ ሊወጣ እየተነሳ። «ነፋሱ አዙሮት ነው። እርስዎ ይቀመጡ አባባ፣ ጎማ ከመለጠፍ አይብስም።»

«ተቀመጥ» አልኩት። «ምስሉ ደህና ነው።»

የሯጮቹ ኮቴ ይሰማል፣ የሕዝቡ ጭብጨባ ይሰማል። ልጄ ብቻ የለም። የእህቱን አንገት አየሁ፤ ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል።

«ምን ሆነ?» አለች ባለቤቴ።

ያኔ ልጄ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ቁሚ» አለ። በአማርኛ በሚያስተላልፍበት ጣቢያ። እኛ ቤት ነገር ሲጠና ወደ አፋችን የሚመጣው ኦሮምኛ ነው። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ልጅቷ ግን ባሕር ማዶ ሆና በምን ጆሮዋ ትስማው። ካሜራው መሪዎቹን ተከትሎ ሄደና ከዓይናችን ወጣች። ልጄም ስለ መሪዎቹ ማውራት ቀጠለ፤ ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው።

አልቆመችም። ከአስፋልቱ ላይ ተሸክመው ነው ያነሷት። ስብራቷ የወንድሟ ስብራት ነው፣ በዚያው በቅልጥሟ።

አሁን ጣቢያው ከወንድሟ ጎን አስቀምጧታል። ደህና ታወራለች፣ ሰውም ወዷታል። ጎሚስታው፣ «ሁለት ልጅ ቴሌቪዥን ላይ! ሌላ ምን ይፈልጋሉ አባባ?» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ተሰብስበን ስናይ፣ ከፊት የምትመራው ከአሰላ ብዙ የማይርቀው የዲክሲስ ልጅ ነበረች። አባቷ ገበሬ እንደሆነ፣ ዛሬ ከተማ ወጥቶ ሰው ቤት ሆኖ እንደሚያያት ሴቷ ልጄ አወራችልን። ወንድሟ አንድ ነገር ጣል አድርጎ አሳቃት። ሁለቱም እየሳቁ ሳለ፣ እኩል ዝም አሉ።

ጎሚስታው ወደ ጣሪያው አልተነሳም። ዞሮ እኔን አየኝ።

እኔ ያንን የዲክሲስ ሰው አሰብኩት። ይሄኔ ድምፁ ጠፋ ብሎ፣ ዲሹን የሚያዞርለት ሰው ይለምን ይሆናል።