ዘጠና ሁለት ላይ የቆመው ውሃ

ሲስተር የውብዳር በየማለዳው ላምባ ምድጃውን ትለኩስና መርፌና ስሪንጅ የያዘውን ድስት ትጥዳለች። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ቴርሞሜትሩን በክር አንጠልጥላ ትነክርና ታነባለች። ዘጠና ሁለት። ትናንትም ዘጠና ሁለት ነበር፤ ከትናንት ወዲያም።

ጣጣው የመጣው በ1964 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ከቴርሞሜትሩ ጋር አብሮ በተላከው ቅጽ ነው። «ውሃው መቶ ዲግሪ ሲደርስ ሃያ ደቂቃ መቁጠር ይጀመራል» ይላል። አሰላ ላይ ውሃ መቶ አይደርስም። በቅጹ ቢሄዱ ሃያው ደቂቃ እስከ ዛሬ አይጀመርም፤ በሽተኛውም መርፌ ሳይወጋ ይከርማል።

የውብዳር ደሴ ከተማ ተወልዳ፣ ነርስነት ተምራ፣ ወደዚህች ክሊኒክ ከተመደበች አራት ዓመቷ ነው። «ደጋ ላይ ውሃ ሳይግል ይፈላል፤ ጊዜ ጨምሩበት» ያለቻቸውን የነርስ ትምህርት ቤት አስተማሪ አልረሳችም። ስለዚህ ሠላሳ ደቂቃ ትቀቅላለች፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ ያየችውን ትጽፋለች።

ሐምሌ ላይ የክሊኒኮች ተቆጣጣሪው አቶ ገብረ መድህን መጣ።

«አንድ ቀን እንኳ መቶ የለም» አለ መዝገቡን እየገለጠ። «በዚህ ዓይነት አንቺም እዚህ አትቆዪም።»

«ውሃው እዚህ የሚፈላው በዘጠና ሁለት ነው።»

«ላምባ እየቆጠብሽ ነው።»

ኮቱን አውልቆ ምድጃውን ራሱ አጋለው። ነበልባሉ ጮኸ፣ የድስቱ ክዳን ዘለለ፣ እንፋሎቱ መነጽሩን ጋረደው፤ ውሃው እየጎደለ ሄደ። ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አላለም።

«እሳቱን ቢጨምሩ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው አይግልም» አለች። እሳቱን መጨመር ከጀመረ ወዲህ ይህን ስትናገር ለአራተኛ ጊዜ ነው።

«እንግዲያው ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል።»

ይህን ሲል ጣሪያውን በረዶ ያንኳኳው ጀመር። የውብዳር ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ወጣች፤ ነጠላዋ ርሶ ተመለሰች። በረዶው በግማሽ እስኪቀልጥ ጠብቃ ቴርሞሜትሩን ነከረችበትና አሳየችው። ዜሮ። ምድጃው አጠገብ ብታስጠጋውም፣ በረዶው ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ እስካለ ድረስ ከዜሮ አልወጣም።

«የሚቀልጥ በረዶ ዜሮ ነው። ቴርሞሜትሩ ደህና ነው።»

«ታዲያ የተበላሸው ውሃው ነው?»

ከበሩ ዘንድ የተቀመጠው ሽማግሌው ዘበኛ ቱፋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ ልጄ ዘሀራ ቆላ ወርዳ ደራ ነው ያገባችው። እዚያ ባቄላ ቶሎ ይበስልላታል። እኛ ጋ ስትመጣ ‘አባባ፣ ባቄላችሁ ድንጋይ ነው’ ትላለች። ባቄላውን ግን ያመጣችው እሷው ናት።»

«ስለ ባቄላ አልጠየቅሁህም።» ገብረ መድህን ብዕሩን ለየውብዳር ዘረጋላት። «መቶ ብለሽ አስተካክዪና ፈርሚ፤ ሁላችንም እንገላገል። ሌሎቹ ሁሉ መቶ ጽፈዋል።»

«ከእኛ በላይ ጋራው ላይ ያሉትም?»

«እነሱም።»

«እነሱ ጋ ዘጠና ሁለትም አይሞላም።» ብዕሩን አልተቀበለችም። «ሠላሳ ደቂቃ ቀቅያለሁ፤ ለእሱ እፈርማለሁ። ያላየሁትን ቁጥር አልጽፍም።»

ሰውየው ኮቱን ለብሶ ወጣ።

«ሲስተር፣ አንዲት ቁጥር አይደለች?» አለ ቱፋ ቀስ ብሎ። «ጽፈሽለት ቢሄድ ምን ነበረበት?»

«ጋሽ ቱፋ፣ ዛሬ እኔ መቶ ብጽፍ፣ ነገ የምትተካኝ ልጅ ‘እዚህ ውሃው መቶ ይደርሳል’ ብላ ሃያ ደቂቃ ብቻ ትቀቅላለች። ያ መርፌ ደግሞ የሚወጋው እርስዎን ነው።»

ቱፋ ክንዱን አሸት አሸት አደረገ።

ነሐሴ አሥር ቀን «መመሪያ ባለማክበር» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ ወደ ደራ። እዚያ በመጀመሪያው ማለዳ ድስቱን ጣደች፣ ውሃው ፈላ፣ አዲሱን መዝገብ ከፈተችና ዘጠና አራት ተኩል ብላ ጻፈች።