ውኃ ልትጠጣ የሄደችው ዋኖስ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ቡታጅራ ዳር በነበረው ቤታችን ጓሮ ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ የአያቴ ዘመድ ይመስለኝ ነበር። በክረምት እንሰቱ ሥር የሚጮኸውን እንቁራሪት፣ በመስከረም ጎጆውን አንጠልጥሎ የሚሠራውን ቢጫ ወፍ፣ በበጋ ሥር ሊቆፍር የሚመጣውን ጃርት ሳይቀር አያቴ በየወቅቱ እንደ እንግዳ ይጠብቋቸው ነበር። ያኔ፣ ሲመሽ ምድጃውን ከበን ስንቀመጥ፣ ጭሱ ወደ ሣር ክዳኑ እየወጣ፣ የኩራዙ ብርሃን ግንባራቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ስለ አንዳቸው ያወሩልንና ሲጨርሱ ቆባቸውን አውልቀው «ይህን ማን አስተማረው?» ይሉ ነበር። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ማናችንም ቶሎ አንመልስም።

አንድ ክረምት ዋኖስ የምትባለው የዱር ርግብ ከእንሰቱ ቅጠሎች መካከል ጎጆ ሠርታ እንቁላሎች ጣለች። ያን ዕለት ማታ አያቴ የኖኅን ርግብ ታሪክ ነገሩን፤ ምድር ሁሉ ውኃ ሆኖባት፣ እግሯን የምታሳርፍበት አጥታ ስትመለስ፣ ኖኅ በመስኮት እጁን እንደዘረጋላት። ከዚያ እኔን ለይተው አዩኝና «የሰው እጅ የነካውን እንቁላል ግን እናቲቱ ጥላው ትሄዳለች» አሉ።

በማግስቱ ነካሁት። ሙቀጫ ገልብጬ ስወጣ ዋኖሷ ብርር ብላ ሄደች። በጣቴ ጫፍ ብቻ ነበር የነካሁት፤ እንቁላሉ ይሞቅ ነበር።

አያቴ አጥር ሥር አገኙኝ። «ማን ሞተና ነው እንዲህ የተኮራመትሽው?»

«ነካሁት፣ አባባ።»

አልተቆጡም። አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ውኃ ልትጠጣ ሄዳ ይሆናል። እንጠብቃት።»

ካፊያ ሲጀምር ጋቢያቸውን ሁለታችን ላይ ጣል አደረጉ። ብዙ ቆይታ መጣች። መጀመሪያ አጥሩ ላይ አረፈች፣ ቀጥላ ጎጆዋ ገባች፣ ደረቷን ከፍ አድርጋ በእንቁላሎቹ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ታቦት ሲያልፍ እንደማደርገው፣ ሳላስበው ጎንበስ አልኩ።

«ታዲያ ትናንት የነገሩን ውሸት ነው?» አልኳቸው።

«እጅሽ ነገር ሳይነካ እንደማያልፍ አውቅ የለ?» አሉ እየሳቁ። «አያትሽ ይዋሻል። እሷ ግን ተመለሰች።» ቆባቸውን አወለቁ፤ ያን ቀን ግን ምንም አልጠየቁም።

አሁን ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በመጨረሻው ቀን እጁን ይዤ ነበር። ውኃ ሲለኝ ለቅቄው ወጣሁ፤ ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ አልጠበቀኝም። ለምን ለቀቅኩት እያልኩ ራሴን ስወቅስ ኖርኩ።

በቅርቡ ጎረቤቴ ዘይነባ ለመስቀል የሚደርስ ቆጮ ስንፍቅ ልታግዘኝ መጥታ፣ ባለቤቴ ከተከላቸው እንሰቶች ትልቁን ልንጥል ስንል ዋኖስ ጎጆ ሠርታ ተቀምጣበት አገኘን። ዘይነባ ቢላዋዋን አወረደች። «መስቀሉ የአንቺ፣ ኃጢአቱ የእኔ ሊሆን ነው? አላህ ያሳደረውን እንግዳ አላስወጣም» ብላ ወደ ሌላው እንሰት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የጓሮው በር ላይ እቀመጣለሁ። ዛሬ ዋኖሷ እንቁላሎቿን ትታ ሄደች። ካፊያ ነበር። ነጠላዬን ተከናንቤ ጠበቅኳት፤ መጣችና ደረቷን ከፍ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እንደዚያን ጊዜው ጎንበስ አልኩ።

እኔም እኮ ብርጭቆውን ይዤ ተመልሼ ነበር።