ቦየስ የሚሉት ቃል

ከድሬዳዋ የወጣሁት ልጄ ሕይወት ትምህርት ቤት ሳለች ነው። እያየችኝ የምወጣበት አቅም አልነበረኝም። ወረቀቶቼን በቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቼ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጎን ተቀመጥኩ፤ እስከ ድንበሩ ድረስም ስፌቱን በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ።

የድሬዳዋን ሙቀት ሳማርር የኖርኩ ሰው፣ ጅቡቲ ስገባ ተመልሼ ይቅርታ ልጠይቀው ቃጣኝ። እዚህ ነፋሱ ራሱ ያቃጥላል። ሀራሙስ በሚሉት የሀብታም ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ቪላ ተቀጠርኩ። ፈረንሳዊቷ አሠሪዬ፣ ማዳም፣ ያልበሰለ ቅጠል በሰሃን ሙሉ ትበላና ምሳ ትለዋለች። ውሻዋን በስሙ ትጠራለች፤ እኔን ግን «ቦየስ» ትለኛለች። ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ሁለት ወር አቤት ስል ከረምኩ።

የነገረኝ የቪላው ዘበኛ ዋርሳሜ ነው፤ ሽማግሌ ሱማሌ፣ ድሬዳዋ ያደገ።

«እህቴ፣ ቦይ በእንግሊዝኛ ወንድ ልጅ ማለት ነው» አለኝ። «አባቴ የመን፣ ኤደን ወደብ፣ ለእንግሊዞች ሲሠራ፣ ጺሙ ነጭ ሆኖ እንኳ ቦይ ይሉት ነበር። ፈረንሳዮቹ ቃሉን ወሰዱት። ለሴት የቤት ሠራተኛ ሲሆን «ኤስ» የምትል ጭራ ቀጠሉለት።»

«የራሳቸው ቃል የላቸውም?»

«አላቸው። ይሄኛው ይጣፍጣቸዋል።»

ወልጄ ያሳደግኩ ሴት፣ ጭራ የተቀጠለለት ወንድ ልጅ ሆንኩ ማለት ነው። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ሥልጡኖቹ። ስድብ እንኳ ከጎረቤት ይዋሳሉ።

ለሕይወት በስልክ ምግብ አብሳይ ነኝ ብያታለሁ። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ እንደዚያው እንዲጻፍልኝ ፈለግኩ። ጸሐፊው ከሾፌሮቻችን የለቀማት አማርኛ ነበረችው።

«ሥራ?»

«ምግብ አብሳይ።»

«ሬስቶራንት?»

«ሰው ቤት። ሀራሙስ።»

«እንግዲያ ቦየስ።»

«ወንድሜ፣ እኔ ወንድ ልጅ እመስላለሁ?»

ፎቶዬን አንስቶ አየው፣ እኔን አየኝ። «አትመስዪም» አለና ማኅተሙን መታው።

ባለፈው ሳምንት ሕይወት ደወለች። ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጣ ልትመጣ ነው፤ ደላላ እዚሁ ሀራሙስ የምትሠራበት ቤት አግኝቶላታል። እናቷ ምግብ አብሳይ ሆና የተሳካላት ከተማ፣ ለምን አትመጣ? መዋሸቴን ነገርኳት፤ ቃሉንም፣ ከየት እንደመጣም፣ ወረቀቴ ላይ መጻፉንም።

«እማዬ፣ አንቺ ዝም ስለምትዪ ነው» አለችኝ። «እኔ ገና ስገባ ስሜን እነግራቸዋለሁ።»

እኔም ነግሬያቸው ነበር።