ከዜሮ የጀመረው መስመር

የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች «ዜሮ» ይሏታል፤ አባቷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ «ቀለሜ»። እኛም እንደ አባቷ ቀለሜ እንበላት።

ቀለሜ ውኃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ግራፍ ትሠራለች። የትኛው ሰፈር ምን ያህል ውኃ እንደ ደረሰው፣ ከየትኛው ቧንቧ ምን ያህል እንደ ፈሰሰ ሌሎች በቁጥር ያመጡላታል፤ እሷ በመስመርና በአምድ ትሥለዋለች። ገጽ ሙሉ ቁጥር ሲያዩ የሚያዛጉ ኃላፊዎች የእሷን ሥዕል ሲያዩ ወንበራቸውን ወደ ፊት ይስባሉ። ይሄ ያስደስታታል፤ ያስፈራታልም። ዓይን አንዴ ከወደደ ልብ ምን ይጠይቃል?

አንድ ጊዜ አለቃዋ፣ ትንሽ የቀነሰውን የውኃ ብክነት ብዙ የቀነሰ ለማስመሰል ፈልጎ፣ «የአምዶቹን ታች ቁረጪና ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ አሳዪ» አላት።

«እግር የሌለው ሰው አልሥልም» ብላ እምቢ አለች። አምድ ከዜሮ ካልተነሣ ይዋሻል ባይ ናት። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ስታልፍ «ዜሮ መጣች፣ ቁጥራችሁን ደብቁ!» ይባላል። እሷም አብራ ትስቃለች።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መሪ ጨብጠው የነዳጁንና የሙቀቱን መርፌ ሲያዩ የኖሩ ሰው። «መኪና እንደ ሰው አይቀላምድም፤ የሆነውን ፊት ለፊት ይነግርሃል» ይላሉ። እሳቸው ግን አሞኛል ማለትን እንደ ነውር ነው የሚያዩት። እህል አልወርድ ሲላቸው «ጠግቤ ነው» አሉ፤ ሱሪያቸው ሲሰፋም «ድሮም ሰፊ ነበር»። እናቷ በልመናም በቁጣም ክሊኒክ ወሰዷቸው። ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘችና «በየሳምንቱ ይመዘኑ። ክብደትዎ መውረዱን ከቀጠለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ፤ ከፍ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል» አለቻቸው።

ሚዛኑ የመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጠ። በየእሑዱ አባትዬው ጫማቸውን አውልቀው ይወጡበታል፤ ቀለሜ ቁጥሩን ትይዛለች። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ፣ «እስቲ እንደ መሥሪያ ቤትሽ አድርገሽ ሥሪልኝ። የራሴን መርፌ ልየው» አሏት።

ሠራችላቸው። በግራ በኩል የሚቆመው የኪሎ ቁጥር ከስድሳ ተነሥቶ ሰማንያ ላይ ያበቃል። ዜሮ ኪሎ የሚመዝን ሰው የለምና ለሰው ክብደት የሚስማማው እንደዚያ መሆኑን ታውቃለች፤ አምድ ሌላ፣ መስመር ሌላ። መስመሩ ገደል ሆኖ ወረደ። እናቷ በትከሻዋ አሻግረው አዩትና አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አሉ።

«ውይ ልጄ! ይሄ ሰውዬ እኮ እየወደቀ ነው።»

አናጺው ታላቅ ወንድሟ ከሥራ ሲገባ ወረቀቱን አነሣ።

«ይሄን ለአባባ ልታሳዪ ነው?»

«ቁጥሩ ነው ወንድምዬ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ዋሺ አላልኩሽም። ግን ድንጋጤው ብቻውን ይገድላቸዋል። ለስለስ አድርጎ መሣል አይቻልም?»

መቻሉማ ይቻላል። የቸገራትም እሱ ነው። የኪሎውን ቁጥር ከዜሮ አስነሥታ እስከ መቶ ወሰደችው። ከአባቷ ክብደት አንድም ቁጥር አልነካችም፤ ገደሉ ግን ሜዳ ሆነ። ቀረብ ብሎ ላላየው መስመሩ ከላይ በኩል ዝንፍ ሳይል የሚጓዝ ይመስላል። በመሥሪያ ቤት እውነት የሚያናግርላት ዜሮ እቤቷ ዋሸላት። ሰማያዊ ቀለም ሰጠችው። አማረ።

አባቷ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ተከተሉት። «በሉ እዩ! አስፋልት ነው እኮ! እናንተ ልትቀብሩኝ ስትሯሯጡ ሞተሩ ደኅና ነው።» ሳሎን፣ ከግድግዳው ሰዓት ሥር አስለጠፉት። ጎረቤት «ምነው እንዲህ ከሱ?» ባላቸው ቁጥር ክንዱን ይዘው ወደ ግድግዳው ይወስዱታል። «ወሬ ትተህ ይሄን አንብብ። ልጄ ናት የሠራችው።»

ቀለሜ በየእሑዱ አንዳንድ ነጥብ ትጨምራለች። ነጥቦቹ ይወርዳሉ፤ ሥዕሉ ላይ ግን መውረዳቸው አያስታውቅም። እናቷ «ሐኪሟ ያለችውን አትርሳ እንጂ» ሲሉ፣ አባትዬው «ማን ወረደ? የታለ የወረደው?» ይላሉ።

በመጨረሻ አላስችል አላት። የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣች፤ አዲሶቹን ነጥቦች ጨምራበት ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይሄኛው የማን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው አባባ።»

«የግድግዳውስ?»

«እሱም የእርስዎ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ አሣሣሉ ነው የተለያየው።»

«እንግዲያ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነዋ።»

«የግድግዳው ውሸት ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ማን ሠራው ሊሏት ነው። ደግሞ በቁጥሩ ከተሄደ ውሸት አይባልም።

«ሁለቱም እውነት ናቸው» አለች፤ ድምጿ ለራሷም በደንብ አልተሰማት።

ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱላት። «ሁለቱም እውነት ከሆኑማ እኔ የግድግዳውን መርጫለሁ።»

ከዚያ በኋላ ወንድሟ ለመነ፣ እናቷ አለቀሱ፤ እሷም እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው ግን «እናንተ ግራፍ ማንበብ አትችሉም» እያሉ ይስቃሉ። ማንበቡን ያስተማረቻቸው እሷ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤቱ ደረጃ ላይ ወደቁና ሆስፒታል ገቡ። የሆስፒታሉ ሐኪም የየሳምንቱን ክብደት ጠይቆ ከቀለሜ ተቀበለ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገባው ያ ገደል እንደገና ብቅ አለ።

«ይሄ እኮ ከብዙ ጊዜ በፊት ያስታውቃል። አላያችሁትም?»

ወንድሟ ጫማውን ተመለከተ። ቀለሜ፣ «ያኔ ብናመጣቸው ኖሮስ?» አለች።

«ይድኑ ነበር ብልሽ ግምት ነው። አይድኑም ነበር ብልሽም ግምት ነው። የማውቀው የዛሬውን ነው፤ የካንሰር ዕጢ አለባቸው፤ ተሰራጭቷል። ቤታቸው ይሁኑ፤ የሕመም ማስታገሻ እንሰጣቸዋለን።»

ከሁለቱ አንዱን ቢላት፣ ክፉም ቢሆን ይዛው ትገባ ነበር። ምንም የሚያዝ ነገር ሳይሰጣት ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

አልጋቸውን ሳሎን አደረጉላቸው። እሑድ ሲሆን «መዝኑኝ» አሉ። መቆም አይችሉም። ወንድሟ መጀመሪያ ብቻውን ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ወረደ፤ ቀጥሎ አባቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። ልዩነቱ የአባትዬው ክብደት ነው። ቀለሜ ቁጥሩን ለማየት ጎንበስ አለች። ወንድሟ ቁጥሩ አላስፈለገውም፤ ክንዱ ነግሮታል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እህ፣ መርፌው እንዴት ነው?» አሉ አባትዬው ከልጃቸው ክንድ ላይ ሆነው።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ነጥቡ ከታች አልፎ ጠረጴዛው ላይ ባረፈ ነበር። የግድግዳው ላይ ቦታ አላጣም።

«እንደነበረው ነው አባባ።»

«ተባረኪ። አንቺ ባትኖሪ እነዚህ ሰዎች በስጋት ይጨርሱኝ ነበር» አሉና እጇን ያዙ። እሷም እጃቸውን አልለቀቀችም። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

በዚያው ሳምንት፣ ጠዋት፣ እናቷ ፊታቸውን እያበሱላቸው ሳለ አረፉ።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ወንድምና እህት ሳሎን ብቻቸውን ቀሩ።

«ለስለስ አድርጊው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እናታቸው ከጓዳ ሆነው፣ «አልጋውን አውጡልኝ፤ ላየው አልችልም» አሉ።

አልጋውን በሁለት በኩል አነሡት። በሩ ላይ ሲደርስ ተሰነቀረ።

«ወደ አንቺ ሳቢው።»

«አይመጣም።»

«ቀና አድርጊዋ!»

«ቀና አድርጌዋለሁ እኮ። እምቢ አለ።»

«ታዲያ እንዴት አስገባነው?»

አብረው ነበር ያስገቡት፤ እንዴት እንዳስገቡት ግን አንዳቸውም አላስታወሱም። ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ኮሪደር ሆኖ፣ እሷ በዚያ እሱ በዚህ እንደያዙት ቆሙ።